ሃዊ ሚከር፦ ከበረዶው ሜዳ እስከ ማይክሮፎኑ

  የዛሬው ዝግጅታችን ወደ ካናዳ ይወስደናል። የምንተዋወቀው ሰው ሃዊ ሚከር ይባላል። በወጣትነቱ የአይስ ሆኪ ተጫዋች ነበር። ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በተጫወተባቸው ዓመታት ቡድኑ አራት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን በልቷል። ካናዳውያን ግን ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ድምፁ ነው። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲደሰትም ሲናደድም ሽቅብ የሚወጣ፣ ሲቸኩል የሚሰባበር። ለማይክሮፎን ይመረጣል ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም። ያ ድምፅ ወደ ሠላሳ ለሚጠጉ ዓመታት በካናዳ ቤቶች ውስጥ ሲሰማ ኖሯል፤ ብዙ ልጆችም ሆኪን እንዴት መጫወት እንዳለባቸው የተማሩት ከእሱ ነው።

ጫማቸውን ሰቅለው ማይክሮፎን የጨበጡ ስፖርተኞች ዛሬ በየሀገሩ ሞልተዋል። ጥቂቶቹ ጨዋታውን ያስረዱናል፤ ብዙዎቹ ደግሞ እኛው በዓይናችን ያየነውን መልሰው ይነግሩናል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? የሚከርን ታሪክ የመረጥኩት ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሚሰጥ የሕይወት ታሪክ ስለማላውቅ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው። የገናን ጨዋታ ሲጫወት ያደገ ሰው አይስ ሆኪን ለመረዳት አይቸገርም። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፤ በሩሯ ፋንታ ፓክ የሚሏት ጥቁር የጎማ ቁራጭ አለች፤ ሁለት ቡድን ይፋለምባታል። ፓኳ ክብ ናት፤ ዲያሜትሯ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ጎማ ስለሆነች እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቆያለች። ሜዳው በሰሜን አሜሪካ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ አለው፤ ዙሪያውን በግድግዳ ታጥሯል፤ ፓኳም ከግድግዳው እየተላተመች ስለምትመለስ ጨዋታው እንደ እግር ኳስ ቶሎ ቶሎ አይቋረጥም። ከእያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋች ይገባል። ጫማቸው ስለታም ብረት የተገጠመለት ነው፤ በዚያ እየተንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ እረፍት ይወጣሉ። እረፍቱን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ የሚከር ሁለተኛ ሕይወት የተሠራው በዚያ ሰዓት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ፍጥነቱ ነው። ጠንካራ ምት ፓኳን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋታል። ተጫዋቾቹም ኃይላቸውን በሙሉ አውጥተው ስለሚሮጡ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየተቀያየሩ ይወጣሉ፤ ቅያሪውም ጨዋታው ሳይቆም ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ጎል መግባቷን ያያል እንጂ እንዴት እንደገባች ብዙ ጊዜ አያይም። ለማስረዳት የሚቀመጥ ሰው ከባድ ሥራ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ሆኪና ሬዲዮ በካናዳ አብረው ነው ያደጉት። እ.ኤ.አ. በ1923 ፎስተር ሂዊት የሚባል የቶሮንቶ ወጣት ጋዜጠኛ ስልክ ይዞ አንድ የሆኪ ጨዋታ በሬዲዮ አስተላለፈ፤ በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የሆኪ ስርጭቶች አንዱ ነበር። በ1931 ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ የተባለው ትልቅ አዳራሽ ሲከፈት ለሂዊት ከጣሪያው ሥር፣ ከሜዳው በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ልዩ ቦታ ተሠራለት። ቅዳሜ ማታ ማታ ከዚያ ከፍታ የሚወርደው ድምፁ በእርሻ መንደሩም በማዕድን ከተማውም ይሰማ ነበር። አይተውት የማያውቁትን ተጫዋች በድምፅ ብቻ የለዩ፣ የወደዱና የጠሉ ሰዎች ትውልድ ተፈጠረ። እኛ በሬዲዮ እግር ኳስ ሰምተን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ሃዊ ሚከር የተወለደው ሂዊት ያንን ስልክ ባነሳበት በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 4 ቀን 1923፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ኪችነር ከተማ ውስጥ ነው። ልጅነቱ በዚያው አካባቢ፣ በረዶው ላይ አለፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ካናዳ ጦር ሠራዊት ገባ። እንግሊዝ ውስጥ በልምምድ ላይ ሳለ የእጅ ቦምብ አጠገቡ ፈነዳ። እግሮቹ ክፉኛ ቆሰሉ፤ ከእንግዲህ ሆኪ የሚባል ነገር አይታሰብም ተባለ። የሆኪ ተጫዋች ጉልበቱ ያለው ጭኑና ባቱ ላይ መሆኑን ስናስብ ይህ ፍርድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

ፍርዱ ግን አልጸናም። ጦርነቱ አብቅቶ በ1946 መኸር ሚከር ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ በቀኝ ክንፍ ተሰለፈ። በታላቁ ሊግ፣ በናሽናል ሆኪ ሊግ፣ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ጥር 8 ቀን 1947 ከቺካጎ ጋር በነበረው ጨዋታ ብቻውን አምስት ጎል አገባ፤ ቶሮንቶ 10 ለ 4 አሸነፈች። በመጀመሪያ ዓመቱ ያለ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ሲያገባ ብርቅ ነው። የውድድር ዘመኑን በ27 ጎል ጨረሰና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ካልደር ዋንጫን ተሸለመ። በዚያው ዓመት ሊጉን ከተቀላቀሉት ወጣቶች አንዱ ለዲትሮይት የተሰለፈው ጎርዲ ሃው ነበር። ሃው ኋላ ላይ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ተጫዋች ሆኗል፤ በ1947 ግን ሽልማቱን የወሰደው የእጅ ቦምብ ያቆሰለው የኪችነር ልጅ ነው።

ቶሮንቶ በ1947፣ በ1948 እና በ1949 በተከታታይ የሊጉን የሻምፒዮንነት ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ወሰደች። በሊጉ ታሪክ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን ነው። አራተኛው ዋንጫ የመጣው በ1951 ሲሆን፣ በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቶሮንቶና ሞንትሪያል ለፍጻሜ ተገናኙ። አምስት ጨዋታ አደረጉ፤ አምስቱም በመደበኛው ሰዓት እኩል ተጠናቀው በተጨማሪ ሰዓት የተለዩ ናቸው። ሚያዝያ 21 ቀን 1951 በአምስተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ቢል ባሪልኮ የተባለው ወጣት ተከላካይ ከኋላ ተስፈንጥሮ ፓኳን መታት፤ አስቆጠረ፤ ዋንጫው ተበላ። ያን ቅጽበት የያዘው ፎቶግራፍ በካናዳ በጣም ዝነኛ ነው፤ ባሪልኮ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሲወድቅ፣ በረኛው ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ያሳያል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ባሪልኮ ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ጠፋች። ስብርባሪዋ የተገኘው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1962 ነው፤ ቶሮንቶም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዋንጫ ሳታነሳ ቆይታ እንደገና ያሸነፈችው በዚያው በ1962 ነበር። ታሪኩ ለሚሰማው ሁሉ ልብ ይነካል።

እኔ ግን ከዚያ ጎል ላይ ሌላ ነገር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ጎሉ ሲመዘገብ ከአስቆጣሪው ስም ቀጥሎ የሁለት አመቻቾች ስም ሰፍሯል፤ አንዱ ሃሪ ዋትሰን ነው፣ ሌላው ሃዊ ሚከር። ሚከር በዚያ ሰዓት ከጎሉ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ሆኖ ከተከላካይ ጋር እየተጋፋ ነበር። ሕዝቡ ያየው ባሪልኮን ነው። ፓኳ ባሪልኮ ዘንድ እንድትደርስ ከጎሉ ጀርባ የተደረገውን ትግል ያየው ጥቂት ሰው ነው። ሚከር ኋላ ላይ ማይክሮፎን ሲይዝ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ጎሏን የወለደው ከጎሏ በፊት የነበረው ነገር መሆኑን። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ እዚያ ከግድግዳው ሥር ነበር።

በዚያ በ1951 ሌላም ነገር ሆኗል። ሚከር ገና በሊጉ እየተጫወተ ሳለ በማሟያ ምርጫ ተወዳድሮ የካናዳ ፓርላማ አባል ሆነ። ሁለቱን ሥራ አጣምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1953 ምርጫ አልተወዳደረም። የጀርባ ጉዳት እያሠቃየው ስለነበር ብዙም ሳይቆይ መጫወቱንም አቆመ። በሊጉ 346 ጨዋታ ተጫውቶ 83 ጎል አስቆጥሯል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ከታላላቆቹ ተርታ የሚያስቀምጥ ግን አይደለም።

ቀጥሎ አሰልጣኝ ሆነ። ፒትስበርግ ውስጥ በሁለተኛው እርከን ሊግ የሚጫወት ቡድን ይዞ በ1955 ዋንጫ በላ። ይህን አይተው የድሮ ቡድኑን ቶሮንቶን ሰጡት። እዚህ ላይ አልቀናውም፤ በ1956 እና 57 የውድድር ዘመን 21 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ34ቱ ተሸነፈ፣ ቡድኑም ወደ ጥሎ ማለፉ ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ አደረጉት፤ አዲሱ የውድድር ዘመን ሳይጀመር ደግሞ አሰናበቱት። ገና ሠላሳ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። የታላቁ ሊግ በር በዚህ ዕድሜ ተዘጋበት።

አድማጮቻችን፣ በብዙ የስፖርተኛ ታሪክ ውስጥ እዚህ ላይ ያለው ምዕራፍ በሁለት መሥመር ይታለፋል። "ከዚያ በኋላ የተወሰኑ ዓመታት ቆይቶ ወደ ሚዲያ ገባ" ተብሎ። በሚከር ታሪክ ውስጥ ግን ዋናው ምዕራፍ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚከር ቤተሰቡን ይዞ በ1958 ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄደ። ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ነፋስና ጉም የማይለያት ትልቅ ደሴት ናት፤ የካናዳ አካል ከሆነችም ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሴንት ጆንስ በተባለው ዋና ከተማዋ የአካባቢውን ቡድን ማሰልጠን ያዘ፤ ራሱም አብሮ ተጫወተ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የልጆችን ሆኪ ያዘ። ዱላ እንዴት እንደሚያዝ ለማያውቅ ሕፃን፣ ቆሞ መንሸራተት ላልቻለ ጀማሪ፣ ደጋግሞ ለሚወድቅ ልጅ ያስተምር ጀመር።

ልምድ ያለው ተጫዋች የሚያደርገውን ነገር ሳያስብ ነው የሚያደርገው። ሰውነቱ ለምዶታል። "እንዴት ነው የዞርከው?" ብትሉት "ዞርኩ" ከማለት ሌላ መልስ ላያገኝ ይችላል። ስምንት ዓመት ልጅ ፊት ሲቆም ግን ይህ አይበቃም። ጉልበትህን እጠፍ፣ ቀና በል፣ ክብደትህን ወደ ውስጠኛው እግር አዙር፣ ዱላህ ከበረዶው አይነሳ፣ እያለ አንዱን እንቅስቃሴ በየቁርጡ ከፋፍሎ ማሳየት አለበት። ሚከር ይህን ለዓመታት ሠራ። ቴሌቪዥን ሲያገኘው፣ ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር በቃል መናገር የሚችል ሰው ሆኖ ነበር። ብዙ ዝነኛ ተጫዋቾች ካሜራ ፊት ሲቀመጡ አፋቸው የሚተሳሰረው ይህ መካከለኛው ትምህርት ስላመለጣቸው ይመስለኛል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሚከር በካናዳ ብሔራዊ ቴሌቪዥን "የሆኪ ምሽት በካናዳ" በተሰኘው የቅዳሜ ስርጭት ላይ መቅረብ ጀመረ። ይህ ስርጭት ከሬዲዮው የሂዊት ዘመን የተወረሰ፣ በቴሌቪዥን ከ1952 ጀምሮ የሚተላለፍ፣ ቤተሰብ በሙሉ ተሰብስቦ የሚያየው ዝግጅት ነው። በእንዲህ ያለ ስርጭት ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። አንደኛው ጨዋታውን እግር በእግር የሚያስተላልፈው ሰው ነው፤ ፓኳ ማን ዘንድ እንዳለች ይናገራል፣ ድምፁን ከጨዋታው ጋር ያወጣል፣ ያወርዳል። ሁለተኛው ተንታኙ ነው፤ ትንፋሽ በተገኘ ቁጥር ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በእረፍት ሰዓት የሚቀርበው ነገር ባመዛኙ ቃለ ምልልስና ወግ ነበር። እንግዳው ያመሰግናል፣ ይመሰገናል፣ ሰዓቱ ይሞላል።

ሚከር ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ እንዳለ መምህር ተጠቀመበት። በዚያ ዘመን ምስልን ቀድቶ ወዲያው መልሶ ማሳየት ገና እየተለመደ የመጣ ቴክኖሎጂ ነበር። በስክሪኑ ላይ መሥመር የሚያሰምር የኤሌክትሮኒክ ብዕርም መጥቶ ነበር። ሚከር ሁለቱን አጣመረ። ቪዲዮው ሲሄድ ቆይቶ ድንገት "እዚያው ላይ አቁመው!" ብሎ ይጮኻል፤ ትእዛዙ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነው፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ሁሉም እየሰማ። "መልሰው፣ መልሰው!" ይላል። ምስሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በብዕሩ አንድ ተጫዋች ላይ ያከብበታል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ጎል ገብታለች እንበል። ዳግም ሲታይ የሁላችንም ዓይን አስቆጣሪው ላይ ነው። ሚከር ግን ምስሉን ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ያስመልሳል። አሁን ፓኳ በሜዳው መሐል ናት። ክበቡ ያረፈው ፓኳ ዘንድ በሌለ አንድ ተከላካይ ላይ ነው። ተከላካዩ ዓይኑን ፓኳ ላይ ተክሏል፤ ከጀርባው የሚያልፈውን አጥቂ አላየም። ሁለት ሰከንድ ወደፊት። አጥቂው ሁለት ሜትር ቀድሟል። ሌላ ሁለት ሰከንድ፤ አቀባዩ ቀና ብሎ አይቶታል፣ የአጥቂውም ዱላ በረዶው ላይ ዝግጁ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ጎሏ የምትገባ መሆኗን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል፤ ሊነገረው አያስፈልግም። ልጁም፣ አባትየውም፣ አያትየዋም በሚቀጥለው ጨዋታ ዓይናቸውን ከፓኳ ላይ አንስተው ሌላ ቦታ ማየት ይጀምራሉ። ዛሬ የትኛውም የስፖርት ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ስታዩ የተለመደ ነገር ሆኖ ይታያችኋል። በሆኪ ይህን ለሕዝብ ካስለመዱት ቀዳሚዎቹ ውስጥ እሱ አለበት።

በቃላቱም ልዩ ነበር። የሚሳደብ ሰው አልነበረም፤ ሲገረም የሚያወጣቸው የልጅ የሚመስሉ የግርምት ቃላት እስከ ዛሬ ሰው ይኮርጃቸዋል። ትችቱ ግን የዋህ አልነበረም። ስህተት የሠራውን በስሙ ይጠራል፤ ዝነኛም ቢሆን፣ የቀድሞ ቡድኑ የቶሮንቶ ተጫዋችም ቢሆን። ከሜዳ ወደ ስቱዲዮ ለሚመጣ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ትናንት አብረውት ለብሰው ያወለቁ፣ ምሥጢሩን የሚያውቁ፣ ነገ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው ፊቱ ያሉት። ብዙው ተንታኝ ስለዚህ ቃሉን ያለሰልሳል፤ "ዕድል አልቀናውም" ብሎ ያልፋል። ሚከር ለተመልካቹ ታመነ። ከዋና ከተሞቹና ከሊጉ ባለሥልጣናት ርቆ በደሴቲቱ ላይ መኖሩ ለዚህ ነጻነት የጠቀመው ይመስለኛል።

በ1972 ደግሞ መላው ካናዳ እሱን ወደ መስማት የገፋ ነገር መጣ። የካናዳ ምርጥ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከሶቪየት ኅብረት ብሔራዊ ቡድን ጋር ስምንት ጨዋታ ገጠሙ፤ አራቱ በካናዳ፣ አራቱ በሞስኮ። ካናዳውያን ሆኪ የእኛ ነው ብለው የሚያምኑ ሕዝብ ናቸው፤ ስምንቱንም እናሸንፋለን ያሉ ብዙ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን በሞንትሪያል በተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ሶቪየቶች 7 ለ 3 አሸነፉ። አገሪቱ በድንጋጤ ተመታች። ሶቪየቶቹ ፓኳን እንደ ክር ያቀባብሏታል፤ አምስቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሰውነታቸው ዓመቱን ሙሉ የተገራ ነው። በመጨረሻ ካናዳ አራት አሸንፋ፣ ሦስት ተሸንፋ፣ አንዱን እኩል ወጥታ ውድድሩን በጠባብ ልዩነት ወሰደች። ወሳኟን ጎል ፖል ሄንደርሰን መስከረም 28 ቀን ሞስኮ ውስጥ፣ ስምንተኛው ጨዋታ ሊያልቅ 34 ሰከንድ ሲቀረው አስቆጠረ። ያን ጎል በቴሌቪዥን ለካናዳውያን ያሰማው ከጡረታ የተመለሰው ያው ፎስተር ሂዊት ነበር።

ሕዝቡ ድሉን አከበረ፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም። ልጆቻችንን ምን እያስተማርናቸው ነው? ሚከር ለዚህ ጥያቄ ከኒውፋውንድላንድ ይዞት የመጣ መልስ ነበረው። ልጆች ጨዋታ ይበዛባቸዋል፣ ልምምድ ያንሳቸዋል ይል ነበር። አንድ ልጅ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ፓኳን የሚነካው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ በደንብ በተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ልምምድ ግን ደጋግሞ ይይዛታል፣ ያቀብላታል፣ ይቀበላታል። መንሸራተት፣ ፓኳን መቆጣጠር፣ ማቀበል፤ እነዚህ ሳይደላደሉ ስለ ስልት ማውራት ዋጋ የለውም። ሰውን መግፋትና ማስፈራራት ችሎታን አይተካም። ይህን በ1973 የሆኪ መሠረታዊ ትምህርት ብሎ በመጽሐፍ አወጣው።

በዚያው ዓመት የራሱን የልጆች ዝግጅት በብሔራዊው ቴሌቪዥን ጀመረ። የሃዊ ሚከር የሆኪ ትምህርት ቤት ይባል ነበር፤ እስከ 1977 ድረስ ቀረበ። አጫጭር ክፍሎች ናቸው። ሚከር ራሱ በረዶው ላይ ከልጆች ጋር ቆሞ ያሳያል። አንዱ ክፍል ስለ ማቆም ብቻ ነው እንበል፤ ሌላው ወደ ኋላ ስለ መንሸራተት። ካሜራው ልጁ እግር ላይ ይወርዳል። ልጅየው ይሳሳታል፤ ሚከር ያስቆመዋል፣ ያርመዋል፣ እንደገና ያስሞክረዋል። በሰሜን ጫፍ ያለ፣ አሰልጣኝ አይቶ የማያውቅ መንደር ውስጥ ያለ ልጅ ይህን አይቶ ወደ ቀዘቀዘው ኩሬ ይወጣል። ሚከር ለልጆቹ የነበረው ትዕግሥት ለአዋቂዎቹ ከነበረው ትችት ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሰው ያስመስለዋል። የሚያናድዱት ልጆቹ አልነበሩም፤ ሳይዘጋጁ የሚያሰለጥኗቸውና ለማሸነፍ ብቻ የሚገፏቸው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ።

የሚከር አካሄድ ሁሉን አላስደሰተም። ጨዋታውን ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው በእረፍት ሰዓት ትምህርት ሲቀርብለት ሊሰለቸው ይችላል፤ ድምፁም ጆሮ ይበሳል የሚሉ ነበሩ። ቢሆንም ተመልካችን እንደሚችል ሰው መቁጠር አክብሮት ነው። ሚከር አያት ይህን አትረዳም፣ ልጅ ይህን አይከታተልም ብሎ አላለፈም። ምስሉን እስኪገባቸው ድረስ አስቆመላቸው።

ከብሔራዊው ስርጭት በኋላ ቲ.ኤስ.ኤን. በተባለው የስፖርት ጣቢያ ሠርቶ በ1998 ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። በዚያው ዓመት የሆኪ የክብር አዳራሽ ለስርጭት ባለሙያዎች የሚሰጠውን ሽልማት አበረከተለት፤ ሽልማቱ የተሰየመው በፎስተር ሂዊት ነው። በ2010 ከካናዳ ከፍተኛ የሲቪል ኒሻኖች አንዱ ተሰጠው። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በፓስፊክ ዳርቻ ባለችው ቫንኩቨር ደሴት ነው፤ እዚያም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስፖርተኞች ገንዘብ በማሰባሰብ ይሳተፍ ነበር። ኅዳር 8 ቀን 2020፣ 97ኛ ዓመቱን ባከበረ በአራተኛው ቀን አረፈ።

በእሱ ዘመንና ከእሱ በኋላ ከሜዳ ወደ ማይክሮፎን በዚህ መንገድ የመጡ ሌሎችም አሉ። ከሞንትሪያል ጋር ስድስት ዋንጫ ያነሳው በረኛ ኬን ድራይደን፣ የሕግ ባለሙያም ነበር፣ በ1980 ሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ የአሜሪካ አማተር ተጫዋቾች ሶቪየቶችን ሲያሸንፉ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከባርቤዶስ ከመጡ ቤተሰቦች ቶሮንቶ ውስጥ የተወለደው ኬቨን ዊክስ በሊጉ በረኛ ሆኖ ለዓመታት ከተጫወተ በኋላ በ2009 ወደ ብሔራዊው የቅዳሜ ስርጭት መጣ። በረኞች በዚህ ሥራ የሚበዙበትን ምክንያት መገመት ይቻላል፤ ሜዳው በሙሉ ፊታቸው ተዘርግቶ ነው የሚጫወቱት።

ካሲ ካምቤል ደግሞ የካናዳ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆና በ2002 እና በ2006 የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች። ከሁለተኛው ወርቅ በኋላ በ2006 ወደ "የሆኪ ምሽት" ገባች፤ ሥራዋ ከሜዳው ጠርዝ ዘገባ ማቅረብ ነበር። በጥቅምት አጋማሽ ላይ በአሜሪካዋ ቡፋሎ አካባቢ ያልተጠበቀ ከባድ በረዶ ጣለ። የዚያ ቅዳሜ ተንታኝ የነበረው ሃሪ ኒል ከቤቱ መውጣት አልቻለም። ጥቅምት 14 ቀን ቶሮንቶ ከካልጋሪ ስትጫወት በወንበሩ ላይ ካምቤል ተቀመጠች፤ በዚያ ስርጭት ላይ ጨዋታ የተነተነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዝግጅት ለማድረግ የነበራት ጊዜ በጣም አጭር ነበር። ከዚያ በኋላ በዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ቆይታለች።

የእሷን ታሪክ፣ በተለይም የሴቶች ሆኪ በኦሊምፒክ መድረክ ቦታ ለማግኘት ያለፈበትን መንገድ፣ በሌላ ዝግጅት በስፋት እናየዋለን።